የጸሎት ርዕስ ያደረግኳት የማር ሽያጭ ሥራ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁበት ድርጅት በር ላይ ስደርስ ሰልፉን አይቼ ቦታ የተሳሳትኩ መሰለኝ... ጠጋ ብዬ ሳይ ግማሹ የቸርቻችን ኳየር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በማርኬቲንግ ተመርቄ ነቀምቴ እናቴ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። እዚህ አካባቢ ባንክ ካልቀጠረህ ማርኬቲንግ ምን እንደሆነ ስታስረዳ ነው የምትውለው። ነጋዴው ቡናውን ለሚያውቀው ሰው ይሸጣል፤ የጉቶ ጊዳ በቆሎም ያለማንም ማስታወቂያ ተሽጦ ያልቃል። አንዴ ሲሬ ድረስ ሄጄ አንድ የእህል ነጋዴ «ንግድዎን ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ላድርግልዎት» ብላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ገቢዎች ነው የላከህ?» አሉኝ።

እናም ከሁለት ሳምንት በፊት ቡርቃ ጃቶ በኩል ሳልፍ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። ማር አሽጎ የሚሸጥ ድርጅት የሽያጭና የማስታወቂያ ባለሙያ ይፈልጋል። ብዛት አንድ። የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት። በዜሮ ዓመት ደግሞ እኔን የሚበልጠኝ የለም።

ማስታወቂያውን ሌላ ወረቀት ግማሹን ሸፍኖታል። ያንን እንደሸፈነ ተውኩት... እሺ፣ ትንሽም ሳብ አድርጌ የቀረውን ሸፍኜበታለሁ። አብራኝ የተማረችው ሌንሴ በዚያው ቀን ደወለች። «አካም ጂርታ፣ የተለጠፈ ነገር አላየህም?»

«ምንም የለም ባክሽ፣ ደርቋል» አልኳት።

ሰውን ከዘጋሁ በኋላ የቀረኝ እግዚአብሔር ነበርና አዴ ጫልቱ ጋ ሄድኩ። አዴ ጫልቱ፣ እማማ ጫልቱ እንደማለት ነው፣ የሰፈራችን የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው። እሳቸው የያዙት የጸሎት ርዕስ ሳይመለስ አይቀርም ይባላል።

«አዴ፣ ለአንድ የሥራ ጉዳይ ይጸልዩልኝ» አልኳቸው።

«ኢልመ ኮ፣ በደፈናው አይጸለይም» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ድርጅቱ ማን ነው? የት ነው? የሚዘጋውስ መቼ ነው?»

ለእግዚአብሔር የሚነገር ነው ብዬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ዜሮ ዓመቱን ጭምር።

እሑድ ቸርች ውስጥ የጸሎት ሰዓት ደረሰና አዴ ጫልቱ ማይክ ያዙ። እሳቸው በኦሮምኛ ይጸልያሉ፣ አስተርጓሚው ከሥር ከሥር በአማርኛ ይከተላል። እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

«በማርኬቲንግ ተመርቆ ቤት የተቀመጠውን ልጅህን አስብ...»

«አሜን» አልኩ።

«ማር የሚያሽገው ድርጅት ያወጣውን ሥራ ስጠው...»

«አሜ...»

«ማክሰኞ ስለሚዘጋ ጌታ ሆይ አትዘግይ። የሥራ ልምድም አይጠይቁም።»

ዓይኔን ገለጥኩ። የኔ ምስጢር በሁለት ቋንቋ፣ በትልቅ ስፒከር እየተላለፈ ነው። ከፊቴ ያለው ልጅ አንገቱን እንደደፋ ስልኩ ላይ ይጽፋል። ጥቅስ እየመዘገበ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አዴ ጫልቱ ያልጠሩት ስሜን ብቻ ነው። «ስሙን አንተ ታውቀዋለህ» ብለው አለፉት።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ያ ሰልፍ የመጣው በዚህ ነው። እናቴ ሸሚዜን ሁለቴ ተኩሳ፣ በር ድረስ ሸኝታ ልካኛለች። ሰልፉ ላይ የሰላምታው ብዛት ደግሞ የበዓል ቀን አስመስሎታል። ከመሐል ሌንሴ ብቅ አለች።

«አንተም እሑድ ሰምተህ ነው?» አለችኝ ደስ ብሏት።

«አዎ... ሰማሁ።»

«እኔማ አለቀስኩ። በማርኬቲንግ ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ሲሉ እኮ ስለ እኔ ነው፤ ወንድ ያደረገኝ አስተርጓሚው ነው። መንፈስ ካልነገራቸው በምን ያውቃሉ?»

ከኋላዋ ያሉትም ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። ለካ ሁሉም «ስለ እኔ ነው» ብሎ የመጣ ነው።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ደክሟቸዋል። «በተግባር የሠራኸው የማስታወቂያ ሥራ አለ?» አሉኝ።

«በተግባር እንኳን... ገና ዕድሉን አላገኘሁም» አልኩ።

በመስኮቱ ሰልፉን አዩት። «እኛ አንድ ወረቀት ነው የለጠፍነው፤ እሱንም ሌላ ወረቀት ሸፍኖታል አሉ። ይሄን ሁሉ ሕዝብ የጠራውን ሰው ባገኘው ዛሬውኑ እቀጥረው ነበር።»

ልቤ ዘለለ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«እንዴት አድርገህ?»

«... በጸሎት።»

ከመነጽራቸው በላይ ትንሽ አዩኝ። «አሜን» አሉና ቀጣዩ እንዲገባ ነገሩኝ።

ትናንት እሑድ ሌንሴ ቸርች መድረክ ላይ ወጥታ መሰከረች። ሥራውን አግኝታለች። ሰው እልል አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅናት አንገበገበኝ። የባሰው ደግሞ ያኔ ስትደውልልኝ ምን እንዳልኳት እኔ አውቃለሁ፣ እሷ ግን ከመድረክ ላይ ሆና ለእኔም ሥራ እንዲሰጠኝ ስሜን ጠርታ አስጸለየችልኝ። ከልቤ ነው ያፈርኩት።

ስንወጣ አዴ ጫልቱ አቀፉኝ። «አየህ ኢልመ ኮ፣ ጸሎታችን ተሰማ።»

«አዴ... ሥራውን ያገኘችው እኮ ሌንሴ ናት።»

«እሷስ የጌታ ልጅ አይደለች? ይልቅ ሌላ የሰማኸው ካለ ቶሎ ንገረኝ።»

ምንም የለም ብያቸው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጊምቢ ውስጥ አንድ የቡና ድርጅት የማስታወቂያ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ዛሬ ጠዋት ሰምቻለሁ... ይህችን ግን ከእናንተ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።