የኦቦ ዋቅቶላ ጉንጭ

ጉርሙ የአምቦ የሠርግ ቪዲዮ ንጉሥ ነው። ዘውዱን ማን ጫነለት ብትሉኝ፣ ራሱ! በሩ ላይ በትልቁ አጽፎታል። የእኔ የስልክ ሽፋን መሸጫ ከእሱ ስቱዲዮ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ፣ ንግሥናውን ቀኑን ሙሉ እሰማለሁ። "ዲዛይን ማለት ነፍስ ነው" ይላቸዋል ደንበኞቹን። ነፍስ የሚለው እንግዲህ ጽጌረዳ ከላይ ሲዘንብ፣ ርግብ ስትበር፣ የሙሽሮቹ ስም እሳት ሲተፋ፣ ሙሽራዋ ወንጪ ሐይቅ ላይ ብቻዋን ስትንሳፈፍ ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ።

በእኛ ሰፈር ሠርግ ሲቀረጽ መክፈቻው ላይ የወላጆች ፎቶ በወርቅ ቀለበት ውስጥ መግባት አለበት። ቀለበት ከሌለው ቪዲዮው ቪዲዮ አይደለም፤ አክስቶች ይቀየማሉ።

በ2008 የሰፈራችን ልጅ ሃዊ ስታገባ አባቷ ኦቦ ዋቅቶላ ታመው ነበር። ያ እጃጂ ገበያ መሐል ከሩቅ የሚለይ ግዙፍ ሰው፣ ምግብ አልወርድ ብሏቸው አጥንታቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። እንደምንም በባጃጅ መጥተው ጉርሙ ዘንድ ለቀለበቱ ፎቶ ተነሡ። ከሠርጉ በኋላም ብዙ አልቆዩም። ፎቶ የሚባል ነገር የማይወዱ ሰው ስለነበሩ ከዚያ በቀር ያላቸው የመታወቂያቸው ነው፤ እሱንም ቀበሌ ማኅተሙን ፊታቸው ላይ አሳርፎበታል። ለሚስታቸው ለአዴ አስካለች የቀራቸው የባላቸው መልክ የሠርጉ ቪዲዮ ዲስክ ላይ ያለው ብቻ ሆነ።

ሠርገኛው ዲስኩን በአዲሱ ሰፊ ቴሌቪዥን ሲከፍተው ግን ጉድ ፈላ። ቀለበቱ የተጋደመ እንቁላል ሆኖ ብቅ አለ! ርግቧ ዶሮ አክላለች፣ የሙሽራው እናት አንገት የላቸውም። እኔም እንደ ጥሩ ጎረቤት በማግስቱ ስቱዲዮው በር ላይ ቆሜ፣ "ንጉሥ ሆይ፣ የወርቅ እንቁላል ጣልክ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ" አልኩት።

"ኮምፒውተሬ ላይ ክብ ነው!" ብሎ ጮኸ። እጄን ይዞ አስገባኝና የሻይ ብርጭቆ አፉን ስክሪኑ ላይ ገጥሞ አሳየኝ። እውነትም ክብ ነው። "ቴሌቪዥኑ ነው ችግሩ" አለ። ሌላ ቤት ሞከሩት፣ እንቁላል። ሌላም ቤት፣ እንቁላል። የአምቦ ቴሌቪዥን ሁሉ ተማክሮ ተነሥቶበታል ማለት ነው፣ ምስኪን!

ደንበኛ ሲሸሸው ግን ኢንተርኔት ላይ ተደፍቶ ወራት ከረመና አንድ ቀን እየዘለለ መጣ። "ፒክስል ነው!" አለኝ። "ምስሉ የተሠራባት ነጠብጣብ። ኮምፒውተር ላይ ቁመቷና ወርዷ እኩል ነው። ለሰፊ ስክሪን በሚዘጋጅ ዲስክ ላይ ግን እንደ ጡብ ወርዷ ይበልጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰፋ ባለ ገጽ ላይ ክብ አድርገሽ ትሠሪና ወደ ጎን ታጭቂዋለሽ፤ ቴሌቪዥኑ መልሶ ሲዘረጋው ክብ ይወጣል። ገባሽ?"

"ገብቶኛል። እስከ ዛሬ የአምቦን ሕዝብ ያለ ምግብ ስታደልብ ከርመሃል።"

ሰደብኩት ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ጭራሽ ኮራ። ስሙን ለማደስ ዲስኮቹን በሙሉ አስተካክሎ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የነበሩትን አሮጌ ሥራዎች በአዲሶቹ ተክቶ፣ በነፃ ሊያድል ወጣ። መጀመሪያ አዴ አስካለች ቤት ሄድን። እኔ ምን ቤት ነኝ? ወሬ እንዳያመልጠኝ ነዋ።

አዴ አስካለች አሮጌውን ዲስክ ከነጭ ጨርቅ ፈትተው ሰጡት። ጉርሙ ተቀበላቸውና፣ "ይሄ ስህተት ከዛሬ ጀምሮ የለም!" ብሎ ቀጭ አድርጎ ለሁለት ሰበረው። ንጉሥ አይደል! ከዚያ አዲሱን ከፈተ። ቀለበቱ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ መጣ። መሐሉ ላይ ኦቦ ዋቅቶላ ነበሩ፤ ጉንጫቸው ጎድጉዷል፣ ዓይናቸው ገብቷል፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ አንገታቸውን ለቆ ቆሟል።

አዴ አስካለች አዩት። "ኩን ኤኙዳ?" አሉ። ከዚያ እኛ ያልሰማን መስሏቸው በአማርኛ ደገሙት፦ "ይሄ ማነው?"

"ኦቦ ዋቅቶላ ናቸው እኮ፣ አዴ። ትክክለኛው ልኩ ይሄ ነው። ያኛው ተለጥጦ ነው።"

"ያኛውን ስጠኝ።"

ጉርሙ እጁ ላይ ያለውን ስባሪ አየ።

"ይሄንንማ አውቀዋለሁ" አሉ አዴ አስካለች። "ይሄን ቀብሬዋለሁ። ገንፎ አቅርቤለት አንድ ማንኪያ አልወርድ ሲለው ፊቴን አዙሬ ያለቀስኩበት ነው። ያኛው ከእጃጂ ገበያ እየሳቀ የሚገባው ባሌ ነበር። ማታ እሱን ከፍቼ ነበር እኔም የምበላው።"

ንጉሡ ሁለቱን ስባሪ ሊገጣጥም ሞከረ። እኔ ምላሴ ለማንም የማይመለስ ሴት፣ አለቀስኩ። አዴ አስካለች አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ስባሪዎቹን ከጉርሙ እጅ ወስደው መልሰው በጨርቁ ጠቀለሏቸው።

ስቱዲዮ ተመለስን። ያንን ሁሉ ፒክስል የተማረ ሰው አሁን አውቆ ሊሳሳት ተቀመጠ። "ምን ያህል ሰፍተው ነበር?" አለኝ። ስስቅበት የከረምኩት እኔ ስለሆንኩ አልጠፋኝም፤ ፊታቸው ድፎ ዳቦ አክሎ ነበር። ቀለበቱን ክብ እንዳለ ትቶ ሰውየውን ብቻ ወደ ጎን ለጠጣቸው። ጉንጫቸው ሞላ፣ ኮሌታው አንገታቸውን ያዘ። ጉርሙ የሚናገረውን ነፍስ ያን ጊዜ ብቻ አየሁለት።

ወስደን ከፈትንላቸው። አዴ አስካለች ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው ትክ ብለው አዩና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

"እዚህ ጋ ትንሽ ጨምርበት፣ ልጄ" አሉት። "ሳይታመም እዚህ ጋ ሙሉ ነበር።"

"እሺ፣ አዴ" አለ ጉርሙ። ዲስኩን አወጣና ሊጨምርበት ሄደ።