ወንድሜ ያልተሳፈረባት ጀልባ

የጀርመኖች በጋ ሲገባ ከሰሜኑ ጠረፍ ተነስተው ባህሩን አቋርጠው ኖርዌይ ድረስ የሚሽቀዳደሙ ባለሸራ ጀልባዎች አሉ። በየዓመቱ ነው። ጋዜጣው የስፖርት ገጹ ጥግ ላይ ሁለት መስመር ይጽፍላቸዋል፤ እኔ ያቺን ጥግ ላለማየት ገጹን ቶሎ እገልጠዋለሁ። ከባህር ጋር ምንም ጉዳይ የለኝም፣ ዋና እንኳ አልችልም። ያ ውድድር ግን ወንድሜን አሳጥቶኛል፤ ያሳጣሁት ራሴ ብሆንም በውድድሩ ማሳበብ ይቀለኛል።

ታላቅ ወንድሜ የባህር ኃይል መኮንን ነበር። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ መንግሥት ሲወድቅ ከነመርከቡ የመን ገባ፤ ከዚያ ብዙ ተንከራቶ ፍራንክፈርት፣ ቦከንሃይም ያለችው ሁለት ክፍል ቤቴ ደረሰ። እኔ ለትምህርት መጥቼ የቀረሁ፣ ሆኽስት የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ የምሠራ፣ ቋንቋውንም ወረቀቱንም አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። አዲስ ሰው ሲመጣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት እንሰበሰብና ለጥገኝነት ቃለ መጠይቁ ታሪክ እናበጅለታለን። ያኔ ሁላችንም እንዲህ ነበርን፤ እውነት ብቻዋን የምትበቃ አይመስለንም። ወንድሜ መኮንን ነበርኩ ብዬ እናገራለሁ ሲል ቤቱ ተንጫጫ። ወታደር ነበርኩ ካልክ ማንን ገደልክ ይሉሃል አልነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ እንዲል ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ባህሩንም ወንዙንም ስለሚያውቅ አይደናገርም ብዬ፣ በብልጠቴም ኮርቼ።

እሱ አልወደደውም። አሥራ ሁለት ዓመት የኖርኩበትን ብናገር ምን አለበት አለኝ። አንተ አገሩን አታውቀውም ብዬ አፉን አስያዝኩት። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እዚህ ግን ታላቁ እኔ ሆኜ ነበር። ሁለት ሳምንት አጥንቶ ሄደ፣ ጠየቁት፣ መለሰ። ከዚያ ሥራው መጠበቅ ሆነ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። የሥራ ፈቃድ የለ፣ መልስ የለ። ከሥራ ስመለስ ጠዋት በተውኩት ወንበር ላይ አገኘው ነበር።

አንድ እሑድ ማይስተሬ፣ የፋብሪካው አለቃዬ ማለት ነው፣ ማይን ወንዝ ላይ ባለችው ትንሽ ጀልባው ሊያንሸራሽረን ጠራን። በዚያ የኖርዌይ ውድድር በየዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር በትልቅ ጀልባ የሚወዳደር ሰው ነው። ነፋሱ ድንገት ዞሮ ሸራው ሲወራጭ ወንድሜ ማንም ሳይጠይቀው ተነስቶ ገመዱን ያዘ። ትንሽ ለቀቀለት፣ ሳበው፣ አሰረው፤ ጀልባዋ ቀጥ አለች። ያን ቀን ሲስቅ ዋለ። ፍራንክፈርት ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ስንለያይ ማይስተሬ አንድ ሰው ጎድሎናል፣ ዘንድሮ ከእኛ ጋር ይምጣ አለ።

ኖርዌይ ለመግባት ከውጭ ዜጎች ቢሮ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የውድድሩ አዘጋጆች ደግሞ በሰፊ ባህር ላይ የሠራበትን ማስረጃ ጠየቁ። ወንድሜ ከየመን ጀምሮ በኮቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ የያዘውን የመኮንንነት ወረቀት አወጣ፤ እኔ ወደ ጀርመንኛ መልሼ ለማይስተሬ ሰጠሁት። ወረቀቱ ከአዘጋጆቹ አልፎ የትም እንዳይሄድ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ግን ምን ብዬ? ዋሽተናል ልበለው? አፈርኩና ዝም አልኩ። ማይስተሬ ደግሞ ደግ ሰው ነው። ይህ ሰው ልምድ ያለው የባህር ኃይል መኮንን ነው፣ ያለ እሱ መሄድ አንችልም፣ እባካችሁ ፍቀዱለት ብሎ ለቢሮው ደብዳቤ ጻፈና የእኔን ትርጉም አያያዘበት። ቅጂውን በኩራት አሳየኝ፤ አመሰገንኩት።

ፈቃዱ ቀረ፤ ቢሮው ወረቀቱን ለጥገኝነት መሥሪያ ቤቱ አስተላልፎት ኖሮ፣ በምትኩ ለሁለተኛ ቃለ መጠይቅ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ መጣ። እኔም በአጃቢነት አብሬው ገባሁ። ጠያቂው የድሮውን ቃሉንና የእኔን ትርጉም ጎን ለጎን አስቀምጦ ውሸቱ የቱ እንደሆነ ጠየቀው። አስተማሪነቱ ነው አለ ወንድሜ። አንዴ ለዋሸ ሰው ይህኛውንስ እንዴት እንመንለት አለ ጠያቂው። ከዚያ፣

«እንዲህ በል ብሎ የመከረዎት ሰው አለ?»

አስተርጓሚዋ ጥያቄውን በአማርኛ እስክትጨርስ ጊዜ ነበረኝ። እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር። ዜግነት ካመለከትኩ ሰባት ወሬ ነበር፤ ማመልከቻዬን አሰብኩ። ወንድሜ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም።

«የለም። ከራሴ ያመጣሁት ነው።»

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ይቅር በለኝ ልለው አፌን ስከፍት፣ ተወው፣ አንዳችን እንኳ እንትረፍ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ውድድሩ የተጀመረ ዕለት ማይስተሬ የሰጠውን የባህር ካርታ ወንድሜ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ሬዲዮው የባህሩን የአየር ጠባይ ሲናገር እኔ የነፋሱን አቅጣጫ እነግረዋለሁ፣ እሱ በእርሳስ መስመር ያሰምራል። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ አደረገ። በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ «ገቡ» አለና ካርታውን አጠፈ። ከሰዓት በኋላ ማይስተሬ ከኖርዌይ ደውሎ በእርግጥም ረፋድ ላይ መድረሳቸውን ነገረኝ። ልነግረው ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ምን ያደርግለታል ብዬ ተመለስኩ።

እምቢታው ቅጠሉ ሲረግፍ መጣ፣ ይግባኙም አልያዘልንም። በአውሮፕላን ሲመልሱት እኔ ሆኽስት ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ደህና ነኝ ይላል፣ ስለ ባህር አንድም ቃል የለበትም። ሁለተኛ ደብዳቤ አልመጣም።

የእኔ የዜግነት ቴርሚን በቀጣዩ ዓመት ደረሰ። ሴትዮዋ ከፎርሙ ላይ እያነበበች፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሐሰት ተናግሬ፣ ወይም ሌላ ሰው እንዲናገር ረድቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በጭራሽ አልኳት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ አመነችኝ፤ ፈረምኩ።