ከሰቲት ወንዝ የወጣው ዋንጫ

ሎስ አንጀለስ፣ ማክሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት፣ ኮሪያታውን

ይህን የምጽፈው ቤት ከተመለስን በኋላ፣ ደሜ ፈልቶ ነው፤ ፊደሌ ቢንሻፈፍ አትፍረዱብኝ። የሙዚየሙ ቀጠሯችን አራት ሰዓት ነው፤ ጎረቤቴ ጋሼ ታደሰ ግን ገና በማለዳ በሬን አንኳኩ። ሆሊውድ ሆቴል ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ በማድረግ ነው የሚተዳደሩት። ትናንት አደራ የሰጡኝን የብር ዋንጫ በነጠላ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፤ ጭናቸው ላይ አቅፈውት አሮጌዋ ቶዮታዬ ውስጥ ተቀመጡ።

ከአራት ዓመት በፊት ወደ ሱዳን ሲሰደዱ ታናሽ ወንድማቸውን ደረጀን ሰቲት ወንዝ ወሰደባቸው። ጠልቀው የወንዙን ወለል ሲዳብሱ እጃቸው የገባው ይህ ዋንጫ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ውቅያኖሱ ዳር ያለው ሙዚየም ወስጃቸው፣ ቁርጥ የእሳቸውን የሚመስል የጥንት ሮማውያን ዋንጫ አየን። ከሥሩ ያለው ካርድ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሳያስበው ከወንዝ እንዳወጣው ይናገራል፣ ከነስሙ።

“በኔ ዋንጫ ካርድ ላይ የደረጀን ስም ይጻፉልኝ” አሉ። ደረጀ መቃብር የለውም።

አንድ ሰዓት፣ ፌርፋክስ

ትኩስ ፉል በዳቦ። ጋሼ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ የምግብ ቤቱን ባለቤት እትዬ አልማዝን ጠጋ ብዬ፣ ዋንጫውን ትናንት በሎሚና በድስት ሽቦ ፈትጌ እንደ መስተዋት እንዳደረግኩት ነገርኳቸው።

“ተባረክ! የቆሸሸ ዕቃ ይዞ ሰው ቤት አይኬድም” አሉኝ።

ፒኮ ጎዳና ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆመ። የሙዚየሙ ፓርኪንግ ሦስት ዶላር። ጋሼ “ሌላ ሰው ፓርክ ሲያደርግልኝ ዛሬ ገና ነው” ብለው ሳቁ።

አራት ሰዓት፣ ሙዚየሙ

ባለሙያው ነጠላውን ገለጠና ፊቱ ጠቆረ።

“ማነው ያጠበው?”

“እኔ” አልኩ፣ ምስጋና ጠብቄ።

“የሮማውያን ይመስላል። ከየት ወንዝ እንደወጣ የሚመሰክረው ግን በቅርጻ ቅርጹ ውስጥ የነበረው ጭቃ ነበር። አሁን ምንም ብለን አንጽፍም። ሲገኝ ያየ ሰው አለ?”

“ወንድማቸውን ሲፈልጉ ነው ያገኙት!” ብዬ ጮህኩበት። መነጽሩን መወልወል ያዘ። እንዴት ተናደድኩ!

“ምን አለ?” አሉኝ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከሚያብረቀርቀው ብር ሳይነቅሉ።

“ምስክር አላችሁ ወይ ነው የሚለው።”

“ነበረኝ። እዚያው ቀረ።”

ስምንት ሰዓት፣ ቤት

መንገዱን ሙሉ ሰውየውን ስራገም መጣሁ። በራቸው ላይ ስንደርስ ጋሼ ዞር አሉ።

“ያጠብክበትን ውሃ ከነጭቃው የት ደፋኸው?”

“የወጥ ቤቱ ሲንክ ውስጥ፣ ጋሼ።”

“አንተ ልጅ” አሉ፣ “አራት ዓመት ሙሉ ሳላጥበው የኖርኩት ሰንፌ መሰለህ?”