ዶሮሽ አይጣፍጥም

ከደብረ ታቦር በወጣሁበት ዋዜማ፣ ማምሻውን፣ እናቴ የጎረቤት ወንድ ጠርታ ዶሮ አሳረደች። በዓል አልነበረም፣ እንግዳም አልመጣብንም፤ ሂያጇ እኔ ነበርኩ። ብልቱን ስታወጣ አጠገቧ ተቀምጬ አያታለሁ፣ እሷ ግን ቀና አትልም። በርበሬውን በከረጢት፣ ቅቤውን በባለክዳን ባልዲ አሰረችልኝና በመጨረሻ «ቆላ ነው አሉ፣ ቅቤው ይቀልጥብሻል። እጅሽ ግን ይጣፍጣል፤ እጇ የሚጣፍጥ ሴት የትም ብትሄድ አትራብም» አለችኝ። ልጄ ቤዛ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ወጥ የነካው እጇ ሳይታጠብ እንቅልፍ ወስዷታል። ልቀስቅሳት ብል እናቴ ከለከለችኝ። ስትነቃ ገበያ ሄዳለች እላታለሁ አለች። ይኸው ገበያ እንደሄድኩ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ስደት አትበይው የምትሉኝ አላችሁ። ፓስፖርት አላወጣሽ፣ ባሕር አልተሻገርሽ፣ ያው አገርሽ ነው ትሉኛላችሁ። እሺ፣ እናንተ ከጉና ብርድ ተነሥታችሁ ጋምቤላ ውረዱና ንገሩኝ። ከጎሬ ቁልቁል ስንወርድ መጀመሪያ ጋቢዬን አወለቅኩ፣ ቀጥዬ ሹራቤን፣ ከዚያ በኋላ የሚወልቅ ጠፋ። መናኸሪያ ስንደርስ ቅቤው እናቴ እንዳለችው ቀልጦ ባልዲው ውስጥ ይንቦጫቦጫል። እኛ አገር ሰው ሲገናኝ ስለ ብርዱ ያወራል፤ እዚህ ስለ ሙቀቱ እንኳ የሚያወራ የለም፣ ሁሉም ጥላ ፍለጋ ላይ ነው።

ያመጣኝ የቤዛ አባት ነው። ዲማ ወርቅ ልቆፍር ብሎ ወርዶ ነበርና፣ ጋምቤላ ድረስ ነይ፣ መጥቼ እቀበልሻለሁ፣ ቤት ይዘን ልጅቷን እናስመጣታለን አለኝ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። መናኸሪያ ወርጄ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ ዛሬም ዝግ ነው። ወርቅ አግኝቶ ይሁን ሌላ ሴት፣ ወይ ጉድጓድ ተንዶበት፣ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ባሏ የጣላት ተብዬ ከመመለስ እዚሁ ልቅለጥ አልኩ። ከዚያ ወዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ቤት ይዤ ልጄን ማምጣት።

ለዚህ መታወቂያ ያስፈልጋልና ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው እንደኔው ደገኛ ነው፣ አፌን ስከፍት አገሬን አወቀው፣ እኔም የወንድም ያህል ደስ አለኝ። መሸኛ አምጪ አለ። አላመጣሁም አልኩ። ታዲያ ለምን መጣሽ አለ።

«ባሌን ፍለጋ።»

«ባልሽ በዚህ ቀበሌ ተመዝግቧል?»

«ቢመዘገብ ኖሮ መች እፈልገው ነበር?»

አልሳቀም። ደብረ ታቦር ስደውል ደግሞ መሸኛ የሚሰጠው ባለጉዳይዋ በአካል ስትቀርብ ነው አሉኝ። በአካል እንዳልቀርብ የድሮ መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበታል፣ ኬላ ላይ ያስወርዱኛል። እዚህ አልገባሁ፣ ከዚያ አልወጣሁ። ይሄ ስደት ካልሆነ እናንተ ስም አውጡለት።

ያለ መታወቂያ፣ አንዲት አልጋ ብቻ የምትይዝ ክፍል ያከራየችኝ አሪየት ናት። አኙዋ ናት፣ ፕሮቴስታንት፣ ረጅም፣ ሳቋ የማይታወቅ ሴት፤ ግቢዋ ውስጥ ቤቱን የሚያክል የማንጎ ዛፍ አለ። ውላችንን ስንዋዋል «ቤት ያንተ፣ ማንጎ የእኔ። መሬት የወደቀ ግን ያንተ» አለችኝ። አንተ የምትለው እኔን ነው፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። በሆዴ ሳቅኩባት። ሰንብቼ ስሰማ ግን ሴትየዋ ከአኙዋኛው ሌላ ኑዌርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ስዋሂሊ ትናገራለች፤ ወጣትነቷን ሸሽታ ኬንያ ካምፕ ውስጥ፣ ኋላም ናይሮቢ በሰው ማድቤት ነው የጨረሰችው። አንዲት ቋንቋ ይዤ በባለ አምስቷ እስቅ የነበርኩት እኔ ነኝ እንግዲህ።

የመጀመሪያው ፋሲካ ደረሰ። አገሩ በሙሉ ባዳ ነው፣ ሆድ ይብሰኛል፤ የእናቴን በርበሬ አውጥቼ ሽንኩርቱን እስኪበቃው አቁላልቼ ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ብቻዬን ልበላው አልቻልኩም። አከራዬ ናትና ለአሪየት በሳህን ወሰድኩላት። ቀመሰች። ጨው ጥሩ፣ ቅቤ ጥሩ አለች። እኔ ምስጋናዬን እጠብቃለሁ።

«ግን አይጣፍጥም» አለች።

እኛ አገር ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። የሴት እጅ አይጣፍጥም ማለት እሷን ብቻ ሳይሆን ያሳደገቻትን እናት መስደብ ነው። ሳህኑን ከፊቷ አንሥቼ ገባሁና በሬን ዘጋሁ። በሳምንቱ የተላጠ ማንጎ በሳህን ይዛ መጥታ «ይሄ ይጣፍጣል» ስትለኝማ ጭራሽ ደሜ ፈላ። የኔ አይጣፍጥም፣ ዛፍ ያበቀለው ይጣፍጣል! ፊቷ እሺ ብዬ ተቀበልኳት እንጂ አልቀመስኩትም፤ ዞር ስትል ለዶሮዎች ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ለኪራይ ካልሆነ በሯን አላንኳኳሁም፤ ክረምቱ በኩርፊያ አለቀ፣ መስቀልም መጣ።

ሥራ የያዝኩት አንድ ሆቴል ማድቤት ውስጥ ነው፣ ሽንኩርት ላጭ ሆኜ። ባለቤቱን ጋሼ እንለዋለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ የሚሠሩ ኤንጂኦዎች ለእረፍት ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ የናይሮቢ ሰዎች ናቸው፣ የኛን ዶሮ ወጥ አንዴ ጎርሰው እንባቸውን ሲጠርጉ ያመሻሉ። ማንጎው ዳግም ሲደርስ፣ አንድ ቀን አንዷ ጋሼን ጠርታ፣ ይህን ሁሉ ማንጎ መንገድ ላይ እየረገጥን ዶሮ በማንጎ ሶስ የሚሠራልን እንዴት ይጠፋል አለችው። ጋሼ ማድቤት ገብቶ አወጀ፤ ይህን ሶስ የምትሠራ ሼፍ ትሆናለች፣ ከማድቤቱ ጀርባ ያለውን ቤትም ትወስዳለች። እኔ ሶስ የሚለውን አልሰማሁም፣ ቤት የሚለውን ነው የሰማሁት። ቤዛ ታየችኝ። እችላለሁ አልኩ።

የማላውቀውን እችላለሁ ብዬ እንግዲህ እንደማውቀው ሠራሁት። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላሁ፣ በርበሬውን ጨመርኩ፣ ማንጎውን ከመጀመሪያው ከትቼ እንደ ዶሮ ወጥ ከጠዋት እስከ ቀትር ከሰል ላይ አስቀመጥኩት። ማንጎው አርሮ ድስቱን ያዘ፣ በርበሬው መረረ፣ የማንጎው ክር ጥርስ ውስጥ ይገባል። ጋሼ ቀምሶ፣ ስንዱ፣ ይሄን ለጠላት ነው የሠራሽው አለኝ። እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጠኝ፣ ካልሆነ ወደ ሽንኩርቴ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ናይሮቢ ማድቤት የኖረች ታውቀው ይሆናል ብዬ፣ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ የአሪየትን በር አንኳኳሁ። ለምን መጣሽ አላለችኝም። ከያዝኩት ዶሮ ጋር አስገባችኝና ስሠራ ቆማ አየችኝ፤ እኔ ልማዴ ነው፣ በሎሚና በጨው አጥባለሁ፣ ውኃ እቀይራለሁ፣ ደግሞ አጥባለሁ። በመጨረሻ «በቃ። ዶሮ ሄደ፣ ውኃ ቀረ» አለችና ወሰደችብኝ። ቆዳው ይላጣል ስል አይላጥም አለች፤ ከነቆዳው ዘይት ውስጥ ቡናማ እስኪሆን ጠበሰችው። ለብቻው ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ አለሰለሰች። ከዚያ እሷ በስዋሂሊ ኡክዋጁ የምትለውን አወጣች፤ ሳየው ሁመር ነው፣ እኛ አገር ለሆድ የሚጠጣው! ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፋ፣ አሽታ፣ ፍሬውን አጣርታ ኮምጣጣውን ጨመረች። ማንጎው ሁለት ዓይነት ነው፤ ጠንካራው ጥሬ ተከትፎ ቀድሞ ይገባል፣ የበሰለው ተፈጭቶ፣ ክሩ ተጣርቶ፣ ዶሮው ተመልሶ ሊወጣ ሲል ብቻ። ለፍየል ሥጋ ሲሆን ደግሞ ሁመሩ ከሁሉ ይቀድማል፣ ሥጋውን ያለሰልሰዋልና። በርበሬ የሚባል በደጁ አያልፍም።

በማንኪያ ሶሱን አቀመሰችኝ። መጀመሪያ ምላሴን ጨመደደው፣ ወዲያው ደግሞ እንደ ማር ሆነ።

«ይሄ ይጣፍጣል» አለች። «ያንተ ዶሮ ጎበዝ ዶሮ ነው። በጣም ጎበዝ። ግን አይጣፍጥም፣ ስኳር የለም።»

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። «አይጣፍጥም ያልሽኝ ስኳር የለውም ለማለት ነው?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

እውነቷን እኮ ነው፣ ምን ትበል? ማር ይጣፍጣል እንላለን፣ ወጥ ይጣፍጣል እንላለን፣ ጨዋታ ይጣፍጣል፣ እንቅልፍ እንኳ ይጣፍጣል እንላለን። እሷ ቃሉን የተማረችው ከሱቅ፣ ከሻይ ላይ ነው፤ ስኳር ሲበዛ ይጣፍጣል ሲሉ ሰምታ ያንኑ ያዘች። በአንድ ቃል ስንት ወር ተኳረፍን! ያን ማንጎ ለዶሮ መጣሌን አልነገርኳትም። አቅፌያት አለቀስኩ፣ እሷ ደግሞ ሶሱ እንዳያርር በአንድ እጇ ታማስላለች።

ቅዳሜ ኤንጂኦዎቹ ሳህኑን በዳቦ ጠረጉት። ጋሼ ሜኑው ላይ ጋምቤላ ስፔሻል ብሎ አስጻፈው፣ እኔን ሼፍ አለኝ፣ የአሪየትን ስም ያነሣ የለም። ቤቱን ልረከብ ስል ለማን ነው አለኝ። ልጄን ላመጣበት ነው አልኩ።

«ሆቴል ነው እንጂ መዋዕለ ሕፃናት መቼ ከፈትኩ?» አለኝ፣ ቤቱም የለስላሳ ሣጥን ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። አሪየት ይህን ስትሰማ ከክፍሌ ጋር የሚጎራበተውን ዕቃ ቤቷን ባዶ አደረገችው። ልጅ ይምጣ አለች። እናቴን ግን በስልክ ለማሳመን ዓመታት ፈጀብኝ። ወባ አለ፣ ሙቀት አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው፤ ያልተባለ የለም።

ያለፈው ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ይዛት መጣች፤ አይታ ካመነችበት ልትተዋት። መናኸሪያ ቆሜ ቤዛን ከአውቶቡሱ ስትወርድ አየኋት፣ የአባቷን ግንባር ይዛ፣ መለሎ ሆና። ልሮጥ ስል የእናቴ ነጠላ ሥር ተደበቀች። «ሂጂ ሳሚያት፣ አታፍሪም? እታለም ናት እኮ» አለቻት እናቴ። እታለም። ታላቅ እህት ነው እንግዲህ ያደረገችኝ። እማዬ የምትለው እሷን ነው። ልጅቷ ጉንጬን ሳመችኝ፣ እኔም እታለም ሆኜ ሳምኳት።

ለዚያ ምሳ የደከምኩትን አትጠይቁኝ። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ጾም የለም፣ ማንጎው የሚበስልበት ወር ነው። ዶሮ ወጥማ ልሥራ ብል እናቴን እንደማልደርስባት አውቃለሁ፤ የራሴን፣ እዚህ የተማርኩትን፣ ሼፍ ያሰኘኝን ላብላቸው አልኩ። ክሩን ሁለት ጊዜ አጣራሁት። አሪየትም ቀሚሷን ቀይራ መጥታ ተቀመጠች። እናቴ ቢጫውን ሶስ ጨለፍ አድርጋ ቀመሰች፣ ጉርሻዋን ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባት። ጾም ነው እንዳትል ጾም የለም።

«አይጣፍጥም» አለች ቀስ ብላ። «ስንዱ፣ እጅሽ የት ሄደ?»

አሪየት ከልቧ ደንግጣ «ይጣፍጣል እንጂ! ስኳር አለ» አለቻት። እኔ ሳቄ አመለጠኝ፣ ሌላ የሳቀ ግን የለም። እናቴ እጇን ታጠበች። ዶሮ በስኳር ከሚበላበት አገር ልጅ ጥዬ አልሄድም አለች። ወጡን መጥላቷ እንዳልሆነ ሆዴ ያውቃል። የደብረ ታቦሩን ቤት ያለ ቤዛ ልትገባበት አትችልም፣ ይህንን ደግሞ አፍ አውጥታ አትለውም፤ ዶሮው ምክንያት ሆናት። ተናደድኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በእናቴ ላይ እንዲያ ተናድጄ አላውቅም። ቤዛን ትቀሪያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። መልሱን የምታውቀው አያቷ ይመስል ወደ እሷ ዞረች። የቤዛን ሳህን ሳነሣ ግን ሶሱ የለም፤ ማን እንደበላው አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ሸኘኋቸው። አሪየት ለመንገድ ማንጎ በፌስታል ሞልታ ሰጠቻቸው፣ እናቴም ለወግ ተቀብላ መቀመጫው ሥር አደረገችው። ዕቃ ቤቱ ባዶውን ነው። አሪየት ዕቃዋን አልመለሰችበትም፣ እኔም መልሺው አላልኳትም።

ትናንት ደወልኩ። እናቴ አነሣች፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ጎረቤት ልቅሶ ነገረችኝ፣ ስለ መምጣት አልተነሣም። ቤዛን ስጪኝ አልኩ። ትምህርት እንዴት ነው፣ ደህና፣ ምን በላሽ፣ ሽሮ። ከዚያ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል፣ ውጭ መውጣቷ ነው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

«እታለም፣ ያ ዶሮ እኮ ይጣፍጥ ነበር።»

በየትኛው አማርኛ እንደሆነ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ተቋረጠ። እስካሁን እየሞከርኩ ነው፣ አይገባም።