በሰው ግድግዳ ላይ ያደረግሁት ቀይ ኤክስ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በበልጉ ዝናብ፣ እዚሁ ቦንጋ ውስጥ ነው። «የደረሰብኝ» ማለቴ ራሱ ያሳፍራል፤ የደረሰው በእሳቸው ላይ እንጂ በእኔ ላይ አይደለም። ለሥራ ጓደኞቼ እንደ ቀልድ አውርቼው እነሱም ስቀዋል። ብቻዬን ስሆን ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴ ይግላል። እስቲ ልጻፈውና ትንሽ ቢቀለኝ ብዬ ነው።

ከጅማ የመጣሁ ፎርማን ነኝ። ያን ጊዜ የአንድ ነጋዴ የቡና መጋዘን እየሠራን ነበር፤ ወለሉን በኮንክሪት ልንሞላ ተዘጋጅተናል። ለወለል የምንጠቀመው የሚሽከረከር ሌዘር ነው። በሦስት እግሩ ይቆምና ዙሪያውን ቀይ ብርሃን ይረጫል፤ ብርሃኑ ያረፈበት ሁሉ እኩል ከፍታ ነው ማለት ነው። መሳሪያው ራሱ ከተዛባ ግን ወለሉ በሙሉ ይዛባል። ኮንክሪት ደግሞ አንዴ ከደረቀ ይቅርታ ብትለው አይሰማህም።

የእኛው ሌዘር በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተንገጫግጮ ስለመጣ ሳልፈትነው ላምነው አልቻልኩም። አፈታተኑ ቀላል ነው። ከግድግዳ ራቅ አድርገህ ታቆመውና ብርሃኑ ያረፈበትን ታመለክታለህ። ቀጥሎ የመሳሪያውን ፊት ወደ ኋላ አዙረህ እንደገና ታመለክታለህ። ሁለቱ ምልክቶች ከገጠሙ ሰላም ነው። ካልገጠሙ መሃላቸውን ይዘህ በብሎኑ ታስተካክለዋለህ።

እኛ ጋ ገና ምሰሶ እንጂ ግድግዳ አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ ግን ነጭ የተቀባ ረጅም ግድግዳ አለ። የእትዬ ሙንተሃ ቤት ነው። እትዬ ሙንተሃ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ከስልጤ መጥተው ቦንጋ ላይ ያረጁ እናት ናቸው፤ በፊተኛዋ ክፍል ኮረሪማና ማር ይሸጣሉ። ቀኑ ዓርብ ነበር። እሳቸው ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው ሱቁ ተዘግቷል። ሰማዩ ስለጠቆረ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ጎልቶ ይታያል። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል አልኩ። ማንን ላስፈቅድ? ግድግዳ ምን ይሆናል?

እርሳሱ በርጥበቱ አልታይ ሲለኝ ቀይ ማርከር አወጣሁ። የመጀመሪያውን ኤክስ አደረግሁ። መሳሪያውን አዙሬ ሁለተኛውን አደረግሁ፤ ከመጀመሪያው በጣት ያህል ዝቅ ብሏል። መሃላቸው ላይ ሦስተኛ ኤክስ ጨመርኩና ከሩቅ እንዲታየኝ በትልቁ ከበብኩት። ሄልሜቴን አድርጌያለሁ፣ አንጸባራቂ ሰደርያዬንም ለብሻለሁ። የሰፈሩ ሰው ቆም እያለ ያየኛል፤ «ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም፣ እኔም ለማንም አላስረዳሁ። እንዲያውም እውነቱን ልናገር፣ ሰው ሲያየኝ ደስ ብሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሠራው። አስተካክዬ እንደጨረስኩ ዝናቡ ወረደ። መሳሪያዬን አቅፌ ሮጥኩ። በማግስቱ ለሌላ ሥራ ከከተማው ወጥቼ ወደ ደካ ሄድኩና ሰኞ ጠዋት ተመለስኩ።

ስመለስ የእትዬ ሙንተሃ ሱቅ የጣሪያ ቆርቆሮ የለም። በሩም ተነቅሎ ቆሟል። ቤታቸውን ሊያድሱ ነው ብዬ አለፍኩ። ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ እሳቸው ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ የማር ጣሳ ይዘው መጡ።

«ኢንጂነር፣ እንደምን አደሩ?»

ኢንጂነር አይደለሁም። አይደለሁም ግን አላልኩም።

«የፊቱን እኛው አንስተነዋል፤ እናንተን ላለማስቸገር ብለን ነው» አሉኝ። «የጓሮዋን ክፍል ብቻ ብትተዉልኝ። የምገባበት ሌላ የለኝም።»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ደጃቸው ላይ የከመርነውን አሸዋ መሰለኝ። ያልገባኝን እንደመጠየቅ፣ ልክ እንደ ባለሥልጣን ኮራ ብዬ «እናየዋለን እትዬ፣ አይጨነቁ» አልኳቸው። ማሩንም ተቀበልኩ። ምኑን ነው የማየው እቴ።

«አላህ ይስጥዎት» ብለው እጄን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ነው ከኋላቸው ግድግዳውን ያየሁት። ሦስቱ ኤክሶች፣ መሃለኛው ከነክቡ፣ ቁጭ ብለዋል።

በአገራችን ቤት ላይ ቀይ ኤክስ ከተደረገ ቤቱ ይፈርሳል ማለት እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። በኋላ እንደሰማሁት፣ እሳቸው ዓርብ ማታ ከለቅሶ ሲመለሱ ጎረቤት «ባለ ሄልሜት ሰውዬ በመሳሪያ ለክቶ ሄደ፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው» ብሏቸዋል። ቢሮ እንዳይጠይቁ ቅዳሜና እሁድ ነው። ዶዘር መጥቶ ከሚደፈጥጠው ቆርቆሮውን እንኳ አትርፉ ተባሉ። ልጃቸው ከድር ከጅማ በርሮ መጣና ጣሪያውን ነቀለው። እሁድ ዝናቡ ባዶው ክፍል ውስጥ ገባ፤ ሳያወጡት የቀረው ኮረሪማ በሙሉ ራሰ።

እጄን ከእጃቸው አስለቀቅሁ። «እትዬ፣ እኔ የወለል ሠራተኛ ነኝ፤ ከየትም ቢሮ አልመጣሁም። ምልክቱ መሳሪያዬን የፈተንኩበት ነው እንጂ ስለ ቤትዎ አይደለም» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ታዲያ ቤቴ አይፈርስም?»

«አይፈርስም።»

«ማንም አይመጣም?»

«ማንም አይመጣም፣ እትዬ።»

እርጥብ ብሎኬት ላይ ቁጭ አሉ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝ ደስ ይለኝ ነበር። «አልሐምዱሊላህ» አሉና እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። ቀጥለው «ተባረክ ልጄ» አሉኝ። ቤታቸውን ያስፈረስኩ እኔን ነው ተባረክ የሚሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከድር ግን አልባረከኝም። መዶሻውን እንደያዘ መጥቶ «አንተ ነህ?» አለኝ። «አባቴ በእጁ የመታውን ቆርቆሮ እኮ ነው በገዛ እጄ ያስነቀልከኝ።» ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱን አዙሮ ገባ።

የዚያን ቀን የወለሉን ሥራ አቁመን ከሠራተኞቼ ጋር ጣሪያውን መለስን። የተጣመመውን ቆርቆሮ በአዲስ ተካሁ፣ ግድግዳውንም አጥቤ ቀባሁ። ኮረሪማውን መጋዘናችን ውስጥ ብንዘረጋውም አብዛኛው ሻገተ። ማሩን ብመልስ «ለልጆችህ ነው» ብለው እምቢ አሉ። አለቃዬ በስልክ ጮኸብኝ፤ እሱስ ይጩህ።

መጋዘኑ ካለቀ ቆየ። እኔ አሁንም ቦንጋ ነው የምሠራው፤ በደጃቸው በኩል ሳልፍ እትዬ ሙንተሃ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው አያቸዋለሁ። እንዳዩኝ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ ለእኔ ይነሳሉ።

«እትዬ፣ በአላህ ይቀመጡ፤ እኔ እኮ ማንም አይደለሁም» እላቸዋለሁ።

«አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ» ይሉኛል። ይላሉ እንጂ አይቀመጡም፤ አልፌ ከዓይናቸው እስክርቅ ቆመው ይጠብቃሉ። ስለዚህ አሁን አሁን ወደ ሥራ ስሄድ ጭቃው እየበዛብኝም ቢሆን በታችኛው መንገድ ዞሬ ነው የምሄደው።