«እሺ» ልጫን ስል የደረሰችልኝ ሴት

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ ነው፤ ቡታጅራ፣ በራሴ ፎቶ ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ። ብዙ ነገር ቶሎ ይረሳኛል። ያን ቀን የረዳችኝን ሴት ግን እስከነአነጋገሯ አልረሳኋትም። ስለሷ ላጫውታችሁ።

ፎቶና ቪዲዮ የምሠራው ትምህርት ቤት ገብቼ ተምሬው አይደለም። እያየሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት፤ ኮምፒውተሩንም እንደዚያው። መስቀል ሲመጣ አገሬው ከያለበት ይሰበሰባል፣ እኔም ካሜራዬን ይዤ በየቤቱ እዞራለሁ። በዚያ መስቀል ከቀረጽኳቸው አንዱ ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ልጆቻቸውን ከነልጅ ልጆቻቸው አስቀምጠው፣ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ መረቁ። ታኅሣሥ ላይ አረፉ።

ልጃቸው አስቴር ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። «አልሚዬ፣ ያን ምርቃት ለአርባቸው አድርሺልን። የአባዬ ድምፅ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው።»

እኔም ጋ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነበር። ሥራዬን የማስቀምጥባቸው ሦስት ዲስኮች አሉኝ፤ ተያይዘው እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ ነው የሚሠሩት። ሬይድ ይሉታል። አንዱ ቢሞት ሁለቱ ያድኑታል ስለተባልኩ ሌላ ቦታ ሳልገለብጥ ተማምኜ ቁጭ ብያለሁ።

ቪዲዮውን ማቀናበር ስጀምር ኮምፒውተሩ በየመሀሉ ቀጥ ይል ጀመር። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ የማዘርቦርዱን፣ የዋናውን ሰሌዳ፣ ባዮስ አፕዴት አድርጊ ይላል። ባዮስ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ ዕቃዎቹን እርስ በርስ የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም ነው። አፕዴቱ ሳያልቅ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ አለቀለት። ጭንቀቴ ሁሉ መብራቱ ላይ ሆነ! መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ዩፒኤሴ አላስተማምን ስላለኝ ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊው ከከማል ሌላ ተዋስኩ። «ምነው፣ ኦፕራሲዮን ልታደርጊው ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

መብራቱ ብልጭ እንኳ ሳይል አፕዴቱ አለቀ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ኮምፒውተሩ በደህና ተነሳ፤ ሥራዬ ያለበት ዲስክ ግን የለም። በምትኩ «ሦስት አዲስ ዲስኮች አሉ፤ ለሥራ ይዘጋጁ?» የሚል ነገር በእንግሊዝኛ መጣ። አዘጋጅቶ ሊመልስልኝ ነው ብዬ እጄን ወደ ማውሱ ሰደድኩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጉርድ ፎቶ ያነሳሉ?» አለ ከኋላዬ የሴት ድምፅ።

«ወአለይኩም ሰላም። አንዴ ይቺን እሺ ልበላትና።»

ሴትየዋ ስክሪኑን አየች። «እንዳትነኪው!»

አሁን «ያነሳሉ» ያለችኝ ሴት እንደዚያ ስትጮህብኝ ክው አልኩ።

«ውስጡ ምን አለ?» አለችኝ።

«የሰው ሠርግ፣ የሰው ክርስትና… የአንድ ሟች አባት ምርቃት።»

«እሺ ካልሽው ባዶ ናቸው ብሎ እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። እኔ በዚህ ቁልፍ የመሥሪያ ቤቴን ሰነድ አጥፍቼ አውቃለሁ። ተይው።»

ዘይነባ ትባላለች። ወልቂጤ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ትጠግናለች። መናኸሪያ የሚጠብቃት መኪና ነበር፤ አብራት የምትሄደው ጓደኛዋ ደውላ «ሞልቷል፣ ነይ!» ስትላት ከእኔ ጋር ሆና ሰማሁ። «ሂዱ፣ በሚቀጥለው እመጣለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ፎቶዋን እንኳ ገና አልተነሳችም።

እንደኔ አልቸኮለችም፤ የገረመኝ እሱ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ ሳጥኑን ከፈተች። በሦስቱ ዲስኮች ገመድ ላይ ፕላስተር ለጥፋ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ጻፈችና ሁሉንም ነቀለቻቸው። «አሁን ብንሳሳት እንኳ እነሱን አይነካቸውም» አለች። ከዚያ ኮምፒውተሩን አብርታ ባዮሱ ውስጥ ገባች። ለካ አፕዴቱ የተስተካከለውን ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት መልሶታል፤ ሦስቱን ዲስኮች እንደማይተዋወቁ ለየብቻ አድርጓቸዋል። ወደ ሬይድ መለሰችው። አጥፍታ ገመዶቹን በየቁጥራቸው ሰካች።

«በይ አብሪው።»

«አንቺ አብሪው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«ሊያጠፋ ሲል አልተንቀጠቀጠም፣ ሊያበራ ነው?»

እየሳቅኩ አበራሁት። ዲስኩ ከነሙሉ ሥራዬ መጣ። ጋሽ ወልዴን ከፈትኳቸው። «አንቺ አስቴር፣ ቅረቢ እስቲ» ሲሉ ስሰማ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ማልቀሱን በኋላ ትደርሺበታለሽ፤ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጪው» አለችኝ። ገልብጬ እስክጨርስ አልሄደችም። ለሌላ ጊዜም አፕዴት ከማድረጌ በፊት የባዮሱን ቅንብር በስልኬ ፎቶ እንዳነሳ፣ የዲስኮቹን ገመድ እንድነቅል፣ ወደ ሬይድ ሳልመልሰው እንዳልሰካቸው አስጠንቅቃኝ፣ ጉርድ ፎቶዋን ተነስታ ወጣች።

ለአርባቸው ጋሽ ወልዴ ከስክሪኑ ላይ መረቁ። ቤት ሙሉ ሰው አሜን አለ። አስቴር አቅፋ አገላብጣ ሳመችኝ፣ «አንቺ ባትኖሪ ይሄን ድምፅ ከየት እናገኘው ነበር» እያለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩና አፈርኩ፤ ዝም አልኩ።

ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አስቴርዬ፣ ይህን ካነበብሽው፣ ያን ቀን አቅፈሽ የሳምሽው ድምፁን ላጠፋው የነበርኩትን እኔን ነው። ያዳነችልሽ ዘይነባ ናት።