ለሐረጓ ለብ ያለ ውሃ

እናቴ ለራሷ የማታደርገውን ለአንዲት ሐረግ ታደርግላት ነበር። ቅርንጫፏን ደብረ ብርሃን ካለ ዘመድ ቤት ቆርጣ ነው ያመጣቻት። ስሟን በትክክል የሚያውቅ ስላልነበረ እኛ ቤት «ሐረጓ» ብቻ ነበር የምትባለው። አንገቱ በተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ተተክላ፣ በሲባጎ እየተመራች የሳሎኑን ግድግዳ ከመስኮቱ እስከ በሩ ይዛዋለች። ወላጆቼ የሚኖሩባት የመሐል ሜዳ ከተማ ብርድ አይጣል ነው። እናቴ ማታ ማታ መስኮቱን በወፍራም የሱፍ ባና ትጋርድላታለች፤ ጠዋት ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ሥሯን ያስደነግጠዋል ብላ ለብ አድርጋ ታጠጣታለች። «እኛን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠብሽ አሳድገሽ፣ ይቺ ምን ስለሆነች ነው?» እላት ነበር። እየሳቀች ማጠጣቷን ትቀጥላለች።

ያን ያህል ተለፍቶባትም ለዓመታት አላበበችም። እናቴ አልጋ ላይ በዋለችበት ዓመት ግን ጥቃቅን እንቡጦች አንድ ላይ ተሰብስበው ብቅ አሉ። እንድታያቸው አልጋዋን ወደ ሳሎን አወጣንላት። ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌላት ነግረውናል፤ እሷም ሳታውቀው አልቀረችም። የምትጠይቀን ግን እንቡጦቹ መቼ እንደሚፈነዱ ነበር።

ማጠጣቱን ለአባቴ አስረከበች። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገብስ ሲያርሱና በግ ሲያረቡ የኖሩ፣ ጓዳ ገብተው እሳት ላይ ነገር ጥደው የማያውቁ ሰው ናቸው። «ጣትዎን ነክረው ይዩት፤ እርስዎን ካቃጠለ እሷንም ያቃጥላታል» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው አልጋዋ አጠገብ ይቆማሉ፤ እሷ በጣቷ ሞክራ ስትፈቅድ ነው የሚያጠጡት፤ «ይበቃል» ስትላቸው ያቆማሉ። ሁለቱ እንደዚያ ተቀራርበው ሲያወሩ ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም።

በታኅሣሥ አረፈች። እንቡጦቹ አልፈነዱም ነበር። እሷ ያላየችውን አባቴ እንኳ ቢያዩልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ጎረቤቶች ለሐዘንተኛው ቦታ ለማስለቀቅ ቁምሳጥኑን፣ ጠረጴዛውን፣ አልጋውን አወጡ። በሐዘን ቤት ጌጥ አይሰቀልምና ሐረጓንም ከሲባጎዋ ፈቷት። አንዲት ጎረቤታችን እያለቀሰች ቀስ ብላ ጠቀለለቻት፤ አንድም እንቡጥ አልረገፈም። ከነጄሪካኗ ከቤቱ ጀርባ፣ ከዕቃው ጋር አኖሯት። በዚያ ግርግር ውርጩን ማን ያስብ? በሣልስቱ ዕቃው ሲመለስ ቅጠሎቿ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁረው ተዝለፍልፈዋል። ጮኼ አለቀስኩ። ሴቶቹ እናቴ ትዝ ብላኝ መስሏቸው ሲያባብሉኝ ይብስ ተናደድኩ። የምናደድበትን ሰው ግን አጣሁ፤ ሁሉም የቻሉትን ያህል ተጠንቅቀው ነበር።

ከሣልስቱ በኋላ ወደ ሥራዬ ሄጄ ነበር፤ ለአርባዋ ስመለስ የሐረጓ ደረቅ ግንድ ሲባጎው ላይ እንደገና ታስሯል። አባቴ ከጓዳ ማንቆርቆሪያ ይዘው ወጡ። ጣታቸውን ነክረው ትንሽ ጠበቁና ጄሪካኑ ውስጥ ማፍሰስ ጀመሩ።

«አባባ፣ ሞታለች እኮ። ይተዉዋት» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ያጠጡ ያለችኝ እሷ ናት። ይበቃል የምትለኝም እሷ ነበረች። አሁን ማን ይበለኝ?»